የቀኙ እንጨት

ማንም እንዲያጽናናኝ አልፈልግም። ያጽናኑኝ ሞልተዋል። አንዱ «ዕጣ እኮ ነው ያወጣቸው፣ አንተ ምን አደረግህ?» ይለኛል። ሌላው «የአንድ ቀን ነገር ነው፣ አታክብደው» ይለኛል። ሁለቱንም ዝም አሰኝቻቸዋለሁ። ምክንያቶቹን ከእነሱ በፊት የፈጠርኳቸው እኔ ነኝ። በዚያች ሳምንት ለራሴ ደጋግሜ ነግሬ አምኛቸውም ነበር።

ታጠቅ እባላለሁ። አዳማ ውስጥ ባለ አንድ የፈትል ፋብሪካ የግምጃ ቤት ሠራተኛ ነኝ፤ የሠራተኛ ማኅበሩም ጸሐፊ ነበርኩ። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ታሪክ ተምሬያለሁ። ሁለት ዓመት አስተምሬ ከርዕሰ መምህሩ ጋር ስብሰባ ላይ ተጣላሁና ወጣሁ። ከዚያ ወዲህም ከብዙ ሰው ጋር ተጣልቻለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ልክ ነበርኩ። ልክ መሆን እንዴት ያለ ሱስ እንደሆነ የያዘው ሰው ያውቀዋል። በፋብሪካው ዐሥራ አንድ ዓመት ስቆይ አንድም ቀን ማሽን ላይ ቆሜ አላውቅም። ማይክ ፊት ግን ብዙ ቆሜያለሁ።

ማኅበራችን አንድ ልማድ አለው። በየዓመቱ ሚያዝያ ሃያ ሦስት የሠራተኞችን ቀን ለማክበር ሰልፍ ስንወጣ፣ ከፊት የሚሄደውን ትልቁን ቀይ ባነር ሁለት ሰዎች ይይዙታል። የግራውን እንጨት የሚይዘው ከሁሉም በኋላ የተቀጠረው ነው። የቀኙን እንጨት የሚይዘው በዚያ ዓመት ጡረታ የሚወጣው ነው። ደንባችን ውስጥ አልተጻፈም፤ ማን እንደጀመረውም የሚያውቅ የለም። ፋብሪካው ለጡረተኛ የግድግዳ ሰዓት ይሸልማል፤ ስለ ሰዓቱ ሲያወራ የሰማሁት ጡረተኛ ግን የለም። የሚያወሩት ስለ እንጨቱ ነው። «እኔ የያዝኩ ዕለት እንዲህ ያለ ነፋስ ነበር» እያሉ ነው የሚያወሩት። የአዳማ ነፋስ ባነሩን ይነፋውና የያዘውን ሰው ወደ ኋላ ይገፋዋል። ስድሳ ዓመት የሞላው ሰው ያን ነፋስ እየገፋ ከፍራንኮ እስከ ፖስታ ቤት ሲሄድ ከተማው ቆሞ ያየዋል።

ሌላም ልማድ አለን። የጡረታ ደብዳቤ ከሰው ኃይል አስተዳደር በቀጥታ ለሠራተኛው አይሰጥም። ለማኅበሩ ጸሐፊ ይመጣል፣ ጸሐፊው በባልደረቦቹ ፊት ያነብለታል፣ ይጨበጨብለታል። ሰው የሥራ ዘመኑ ማለቁን ብቻውን ኮሪደር ላይ ቆሞ እንዳያነብ ተብሎ የመጣ ደግ ነገር ነው። ይህ ደግ ነገር እኔ እጅ ገባ።

ዘንድሮ ተራው የእትዬ አሳየች ነበር። እትዬ አሳየች የወንጂ ሸንኮራ ቆራጭ ልጅ ናቸው፤ ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ማሽን ላይ የተበጠሰ ክር ሲቀጥሉ ኖረዋል። በማሽን ጩኸት ውስጥ ያን ያህል የሠራ ሰው ጆሮው ይደክማል። እሳቸው የሚሰሙት በዓይናቸው ነው። ሰው ሲያናግራቸው ከንፈሩን ያያሉ።

ከበዓሉ በፊት ባለው እሑድ በመመገቢያ አዳራሹ ጠቅላላ ጉባኤ አደረግን። አስተዳደሩ ለበዓሉ ሁለት ሰንጋ፣ አንዱን ለክርስቲያኑ አንዱን ለሙስሊሙ፣ እንዲሁም ሶደሬ ወስደው የሚመልሱን አራት አውቶቡሶች ሰጥቶ ነበር። እኔ ተነሣሁና ሃያ አምስት ደቂቃ ተናገርኩ። «በሬ የሚሰጠን ሰው ምን እየወሰደብን ነው?» አልኩ። ስለ ቺካጎ ሠራተኞች አነሣሁ፣ ስለ ስምንት ሰዓት የሥራ ቀን አነሣሁ፣ ደም አነሣሁ። ጭብጨባው ጣሪያውን ነቀነቀው። ጭብጨባው ሲበርድ እትዬ አሳየች እጃቸውን አወጡ።

«ልጄ ታጠቅ፣ ጥሩ ተናገርክ» አሉ፤ ጆሯቸው ስለደከመ ሁሌም ጮክ ብለው ነው የሚያወሩት። «አንድ ነገር ልጠይቅህ። የሴቶች ልብስ መቀየሪያ ክፍል በር ከወደቀ ስንት ጊዜው ነው?»

«እሱ የጥገና ክፍል ጉዳይ ነው፣ እትዬ።»

«ሦስት ዓመት ከአራት ወሩ ነው። አንሶላ ሰቅለን ነው የምንለብሰው። ነፋስ የመጣ እንደሆነ ልጆቹ አንሶላውን በጥርሳቸው ነክሰው ነው ቀሚሳቸውን የሚያወልቁት። አምና አሜሪካ ወሰድከን፣ ዘንድሮም አሜሪካ ወሰድከን። ለከርሞ ከቺካጎ ስትመለስ በእኛ ክፍል በኩል እለፍ። በር የለውም፣ ማንኳኳት አያስፈልግህም።»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ሊቀመንበራችን ፈይሳ ጠረጴዛውን እየደበደበ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ከሰው ኃይል አስተዳደር የመጣው ጆቴ፣ በኅብረት ስምምነት ድርድር ላይ ስንት ጊዜ ላብ በላብ ያደረግኩት ጆቴ፣ በሩን ተደግፎ ሲስቅ አየሁት።

ብዙ ጊዜ ተሰድቤ አውቃለሁ። ስድብ ይመቸኛል፣ መልስ አለኝ። ለዚያ ሳቅ ግን መልስ አልነበረኝም፣ ምክንያቱም ሴትዮዋ የተናገሩት እውነት ነበር። በሩ እንደሌለ አውቅ ነበር። የጥገና መጠየቂያው ሁለት ጊዜ በእኔ ግምጃ ቤት አልፏል፤ «በዕቃ እጥረት» ብዬ የፈረምኩት እኔ ነኝ።

ሰኞ ጠዋት ጆቴ ወደ ግምጃ ቤቱ መጣ።

«ጓድ ታጠቅ!» አለኝ። ሊያበሽቀኝ ሲፈልግ ጓድ ይለኛል። «ከቺካጎ በሰላም ገባህ?»

«ምን ፈለግህ?»

«ኧረ ቀስ! ደብዳቤ ይዤልህ መጣሁ። የእትዬ አሳየች ጡረታ ነው። ዛሬ ነገ አንብብላቸው፣ ሐሙስ እንጨታቸውን ይያዙ።»

ፈርሜ ተቀበልኩትና መሳቢያዬ ውስጥ ከቫውቸሮቹ ሥር ከተትኩት። ያኔ ያሰብኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አንድ ቀን ትጠብቅ። በልቤ «እሷ» ብያቸዋለሁ፤ ይህንንም ልደብቅ አልፈልግም።

ማክሰኞ ዕጣ ነበር። አስተዳደሩ የተጣደፈ ትዕዛዝ ስላለብን በበዓሉ ቀን አንድ መስመር ሥራ እንዳያቆም ጠይቆ፣ ዐሥራ አንድ ሰው ከጠዋቱ ሁለት እስከ ዐሥራ አንድ ሰዓት እንዲሠራ ተስማምተናል። የሚቀረው ሰው በዕጣ ይለያል። ስም በቁራጭ ወረቀት ይጻፍና ተጠቅልሎ ክር በሚጠነጠንበት ባዶ ቦቢን ውስጥ ይገባል፣ ቦቢኖቹ ጆንያ ውስጥ ይገባሉ፣ ሊቀመንበሩ ዓይኑን ጨፍኖ ያወጣል። የጡረተኛው ስም ጆንያ ውስጥ አይገባም። ስሞቹን የምጽፈው እኔ ነኝ።

የእትዬ አሳየችንም ጻፍኩት። ያልተነበበ ደብዳቤ እንዳልደረሰ ይቆጠራል፣ ያልደረሰው ሰው ደግሞ እንደማንኛውም ሠራተኛ ዕጣ ውስጥ ይገባል ብዬ ተከራከርኩ። የተከራከርኩት ከራሴ ጋር ነበርና አሸነፍኩ።

ከመቶ አርባ ቦቢን ዐሥራ አንድ ነው የሚወጣው። ባይወጡ ኖሮ ረቡዕ ደብዳቤውን አንብቤላቸው፣ አጨብጭቤ፣ ግንባራቸውን ስሜ፣ ሰው ሁሉ «ጥሩ ጸሐፊ» እያለኝ እኖር ነበር። እንዲህ ሆነው በክብር የሚኖሩ ስንት ሰዎች እንዳሉ እንጃ። ሰባተኛውን ቦቢን ፈይሳ አወጣና ወረቀቱን ፈታ።

«አሳየች...» ብሎ አነበበና ቀና አለ። «ቆይ! እትዬ ዘንድሮ አይደሉም እንዴ?» ወደ እኔ ዞረ።

«ደብዳቤ አልመጣም» አልኩ።

እትዬ አሳየች ከሰዉ መሐል ወጥተው ፊቴ መጥተው ቆሙ። ዓይናቸው ከንፈሬ ላይ ነበር።

«ታጠቅ፣ ደብዳቤዬ አልደረሰህም?»

«አልደረሰኝም፣ እትዬ።»

«አልደረሰህም?»

«እስካሁን።»

ከዚያ ዓይናቸውን ከከንፈሬ አነሡ። «እሺ ልጄ» አሉና ባዶዋን ቦቢን ከፈይሳ እጅ ተቀብለው ይዘዋት ወደ ማሽናቸው ሄዱ። ሥራ ላይ የምትውል ዕቃ መሬት ላይ አይተዉም።

ረቡዕ አንድ ሙሉ ቀን ነበረኝ። ስንት ጊዜ መሳቢያዬን ከፍቼ ዘጋሁ። ለእሳቸው ሰጥቼ ሌላ ሰው በቦታቸው ማውጣት ይቻል ነበር፤ ግን «ለምን ዘገየ?» እባላለሁ። ለዚያ አንድ ጥያቄ ብዬ የሃያ ስምንት ዓመት ሠራተኛ ሸጥኩ።

ሐሙስ ጠዋት ፍራንኮ ጋ ተሰበሰብን። የግራውን እንጨት የያዘችው ፎዚያ ናት፤ ከአቦምሳ የመጣች፣ ከተቀጠረች ስድስት ወር የሆናት ልጅ፣ ክር መቀጠል ያስተማሯት እትዬ አሳየች ናቸው። የቀኙ እንጨት መሬት ላይ ተጋድሞ ነበር። ሁሉም ዙሪያውን ቆሞ ያየዋል፤ የሚያነሣው የለም።

«ጡረተኛ ከሌለ ጸሐፊው ይያዘው» አለ ፈይሳ። «የጻፈው እሱ ነው መፈክሩን።»

አይሆንም ማለት ነበረብኝ። አነሣሁት።

ባነሩ ላይ የጻፍኩት «የሠራተኛው ክብር አይደፈርም!» የሚል ነበር። ክንድ የሚያህሉ ፊደሎች ናቸው፤ ከእኔ በኩል ያለው «አይደፈርም» ነው። መቶ ሜትር እንደሄድን ነፋሱ መጣ። እንጨቱ ከእጄ ሊያመልጥ ደረሰ።

«ጋሼ፣ አቅናው እንጂ! በአንተ በኩል ወደቀ እኮ» አለች ፎዚያ።

«ይዤዋለሁ።»

«ባነሩ ነው አንተን የያዘህ። እትዬ ቢሆኑ ኖሮ እንደ ምሰሶ ያቆሙት ነበር። ባለፈው ሳምንት ጓሮ በመጥረጊያ እንጨት ስንለማመድ ነበር፤ እኔ በግራ እሳቸው በቀኝ።» ከባነሩ ጫፍ አሻግራ አየችኝ። «ግን ጋሼ፣ ጡረታ የሚወጣ ሰው ዕጣ ውስጥ ይገባል እንዴ?»

«ደብዳቤው አልደረሰማ።»

«ታዲያ ለከርሞ እኮ የሉም።»

«መፈክር በይ!» ብዬ ጮህኩባት። ጮኸች። እኔም ጮህኩ። «አይደፈርም!» እያልኩ ድምፄ እስኪዘጋ ጮህኩ፤ ዝም ካልኩ ሌላ ጥያቄ ትጠይቀኛለች።

ፖስታ ቤት ስንደርስ ጋሽ መርዳሳ የተለመደ ቦታቸው ላይ ቆመዋል። ከአራት ዓመት በፊት ጡረታ የወጡ የማሽን ጠጋኝ ናቸው። በየዓመቱ የማኅበሩን ቆብ አድርገው፣ ጫማቸውን አስጠርገው መንገድ ዳር ይቆሙና የቀኙን እንጨት የያዘውን ሰው ይጨብጣሉ። እኔን ሲያዩ እጃቸው ተዘርግቶ ነበር።

«አንተ! ጡረታ ወጣህ እንዴ? ምነው በጊዜ?»

ከኋላዬ ያሉት ሳቁ።

«ዘንድሮ ጡረተኛ የለም፣ ጋሼ።»

«እንዴት የለም? አሳየችስ? እሷና እኔ በአንድ ሳምንት ነው የተቀጠርነው። በዕድሜ በአራት ነው የምበልጣት። ቆጥሬ ነው የመጣሁት።»

«ሥራ ላይ ናቸው።»

ጋሽ መርዳሳ እጃቸውን ቀስ ብለው መለሱና ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት። «ሥራ ላይ» አሉ፤ ለእኔ ሳይሆን ለአጠገባቸው ለቆመው ባለባጃጅ ነው የተናገሩት። «ዛሬ?»

ሰልፉ ገፋን፣ አለፍን።

ሶደሬ ስንደርስ ሥጋው ተሰቅሎ ይጠብቀን ነበር። ወንዶቹ ገንዳ ውስጥ ዘለሉ። ጦጣ ከአንዱ እጅ ዳቦ ነጥቃ ዛፍ ላይ ወጣችና ቁጭ ብላ ስትበላ ሰዉ ሁሉ አጨበጨበላት። ፈትል ክፍልና ማቅለሚያ ክፍል በገመድ ጉተታ ሊገጥሙ መሬቱ ላይ መስመር አሰመሩ። እኔ ንግግር ማድረግ ነበረብኝ፤ ጉሮሮዬ ተዘግቷል ብዬ ለፈይሳ ተውኩለት። ሰዉ በደስታ አጨበጨበ፤ ፈይሳ አጭር ነው የሚናገረው።

ፎዚያና ሌሎች ስድስት የፈትል ክፍል ሴቶች ፌስታል ይዘው መጡ። እኔና ጆቴ ዛፍ ሥር ቁጭ ብለናል። ጆቴን እኔ አልጠራሁትም፤ ራሱ መጥቶ ነው አጠገቤ የተቀመጠው። ከፌስታሉ ውስጥ በኪሮሽ የተሠራ ነጭ ሻርፕ አወጡ። ክሩ የእኛው ፋብሪካ ነው፤ ከማሽን ላይ ተበጥሶ የሚጣለውን ነው ሲለቅሙ የከረሙት። ጫፉ ላይ በቀይ ክር «አሳየች 1989–2017» ይላል።

«ለሰልፉ ነበር» አለች ፎዚያ። «እንጨቱን ሲይዙ አንገታቸው ላይ ልናደርግላቸው። ሁለት ወር ፈጀብን።» ወደ ጆቴ ዞረች። «አቶ ጆቴ፣ የእትዬ አሳየች ደብዳቤ ለምንድነው ያልመጣው?»

ጆቴ ለእኔ የሰጠበትን ቀን ያውቃል። ፊርማዬም እሱ ጋ አለ። ቀና ብሎ አየኝ። እስኪናገር ድረስ ያለፈው ጊዜ ረጅም አልነበረም፤ እኔ ግን ሁሉም ነገር እንዳለቀ አውቄ፣ እንዲያልቅም ፈልጌ ነበር።

«ኧረ እባካችሁ ይቅርታ» አለ ጆቴ። «ሲስተም አስቸግሮን ነው። ጥፋቱ የእኛ ነው። በዚህ ሳምንት ይደርሳቸዋል።»

ሴቶቹ አጉረመረሙ። አንዷ «ሁሌም ሲስተም!» አለች። ሻርፑን አጥፈው መለሱትና ሄዱ።

ጆቴ ከሳህኑ አንድ ጉማጅ ሥጋ በቢላ ቆርጦ ሚጥሚጣ አስነክቶ አጎረሰኝ። አፌን ከፍቼ ጎረስኩ። ዐሥራ አንድ ዓመት ስታገለው የነበረ ሰው እጅ ላይ ጎረስኩ።

«ብላ እንጂ ጓድ፣ ደነገጥክ» አለኝ ዝቅ ብሎ። «ሰው እኮ ነን። ሰው ይናደዳል። እኔም እሑድ ስስቅብህ ትንሽ አብዝቼዋለሁ።» ቢላውን በሶፍት ጠረገ። «አንድ ነገር ግን፣ የበሩን ነገር በዘንድሮው ድርድር ባታነሡት ጥሩ ነው። በጀት የለም። ከበሩ ጋር ደግሞ መታጠቢያው ይመጣል፣ ከመታጠቢያው ጋር ሌላ ይመጣል። ገባህ አይደል?»

መልስ አልሰጠሁትም። የእኔ ዝምታ ምን ማለት እንደሆነ ጆቴ በድርድር ጠረጴዛ ላይ ተምሯል፤ እኔ ዝም የምለው ስስማማ ብቻ ነው። ጉርሻው ገና አፌ ውስጥ ነበር። ተነሥቼ ከዛፉ ጀርባ ሄጄ ተፋሁት።

ለማንም ሳልናገር እስከ መንገድ ወጣሁና አዳማ የሚገባ ሚኒባስ አገኘሁ። ከመነኸሪያ በባጃጅ ፋብሪካ ደረስኩ።

«አካም ኦልቴ፣ ታጠቅ!» አለኝ የበሩ ዘበኛ። «ሥጋው አለቀ እንዴ?»

ከመሳቢያዬ ደብዳቤውን አውጥቼ ወደ ፈትል አዳራሹ ገባሁ። በሌላ ቀን ሠላሳ ሰው የሚሠራበት አዳራሽ ውስጥ ዐሥራ አንድ ሰው ወዲያ ወዲህ ይላል። እትዬ አሳየች ሰማያዊ ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ሻሻቸውን ጠበቅ አድርገው አስረው፣ በሁለት ማሽኖች መካከል ይመላለሳሉ። ደብዳቤውን ዘረጋሁላቸው። ከላይ ያለውን ቀን አዩ። አልገረማቸውም።

«ሰኞ ነው የደረሰኝ» አልኩ።

«ቀና በል፣ አፍህን አላየሁትም።»

በዚያ አዳራሽ ውስጥ ማጉረምረም አይቻልም። ቀና ብዬ፣ ከንፈሬን ከፍቼ፣ ደገምኩት። «ሰኞ ነው የደረሰኝ፣ እትዬ። ደብቄው ነው።»

«አውቃለሁ። ሰኞ ከሰዓት ጆቴ ኮሪደር ላይ ‹እንኳን ደስ ያለዎት› ብሎኛል።»

«ታዲያ ማክሰኞ ለምን ጠየቁኝ?»

«እውነቱን ትናገር እንደሆነ ብዬ ነዋ።» አንድ የተበጠሰ ክር አዩና ጎንበስ ብለው ቀጠሉት፤ ጣታቸው ምን እንዳደረገ አላየሁም። «ዋሸህ። እዚያው ‹ዋሽቷል› ልል ነበር። ጆቴ በሩ ላይ ቆሟል። በበዓል ዋዜማ የማኅበራችንን ጸሐፊ ውሸታምነት ለጆቴ ልስጠው? አንጀቴ እምቢ አለኝ።»

ጆቴ በሩ ላይ እንደነበር እንኳ አላየሁም ነበር። እሳቸው የሸፈኑልኝን ውሸት ጆቴ ቀድሞ ኪሱ እንደከተተው፣ ሶደሬ ላይ በምን ዋጋ ሊሸጥልኝ እንደሞከረ ነገርኳቸው። የበሩን ነገር ስነግራቸው ብቻ ፊታቸው ተለወጠ።

«በሩን?» አሉ። «በእኔ እንጨት በሩን?»

«አልተስማማሁም።»

«እምቢ ብለሃል?»

አላልኩም። ይህን አፌን ከፍቼ መናገር አቃተኝ፤ እሳቸው ግን ያልተንቀሳቀሰ ከንፈርም ያነባሉ።

«ምሳዬን አልበላሁም» አሉ። «ተተኪ የለኝም። እዚህ ቁም። ክር ሲበጠስ ቀጥል።»

«አልችልም እኮ፣ እትዬ።»

«ዐሥራ አንድ ዓመት ሠራተኛ ነህ፣ ትችላለህ» ብለው ሄዱ።

ቆምኩ። የመጀመሪያው ክር ተበጠሰ። ጫፉን ያዝኩና ከሚሽከረከረው ቦቢን ጋር ለማገናኘት ሞከርኩ፤ ጣቴን መትቶኝ አመለጠ። ሁለተኛው ተበጠሰ፣ ሦስተኛው። ወደ አንዱ ስሮጥ ሌላው ይበጠሳል። ጥጡ እንደ በረዶ እየተነሣ ፊቴ ላይ፣ ጸጉሬ ላይ፣ ለበዓሉ በለበስኩት ቀይ ካናቴራ ላይ ተከመረ። ከወዲያኛው ማሽን አንዲት ሴትዮ አየችኝ፣ መጥታ አንዱን ቀጠለችልኝና ተመለሰች። እትዬ አሳየች ከሃያ ደቂቃ በኋላ ሲመጡ ዘጠኝ ክር ተበጥሶ ተንጠልጥሏል። አንድ በአንድ ቀጠሏቸው።

«ልጆቹ ሲመለሱ ወደ እኔ ነው የሚመጡት» አሉኝ ሲጨርሱ። «ያኔ ንገራቸው። ለእኔ የነገርከኝ የማውቀውን ነው።»

ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ማሽኖቹ ቆሙ። አውቶቡሶቹም ወዲያው ጥሩምባቸውን እየነፉ ግቢ ገቡ። ሴቶቹ ጸጉራቸው ረጥቦ፣ ፊታቸው በፀሐይ ቀልቶ፣ ከልብስ መቀየሪያው ክፍል ፊት ለፊት እትዬ አሳየችን ከበቧቸው። ፈይሳም መጣ። ጆቴ ከአውቶቡስ በር ላይ ቆሞ አየኝ።

«ጋሼ ታጠቅ!» አለች ፎዚያ። «የት ጠፋህ? ጸጉርህ ምን ሆነ? ሸበትክ እኮ!»

ከግድግዳው ሥር የጥጥ እስር ነበር። እላዩ ላይ ወጣሁ። እግሬ ራሱ ነው ያወጣኝ፤ ከፍታ ሳይ የመውጣት ልማድ አለብኝ።

«ጓዶች» ብዬ ጀመርኩ። «በሠራተኛው ትግል ታሪክ ውስጥ፣ ከጠላት ይልቅ የራስ ወገን...»

«ውረድ» አሉ እትዬ አሳየች።

ቆምኩ።

«ደግሞ ንግግር? ውረድና ከመሬት ሆነህ ንገራቸው። አጭር ነገር ናት።»

ወረድኩ። ወርጄ ስቆም እኔና ፎዚያ እኩል ቁመት አለን።

«የእትዬ አሳየች ደብዳቤ ሰኞ ደርሶኛል» አልኩ። «መሳቢያዬ ውስጥ ደብቄ ስማቸውን ዕጣ ውስጥ ከተትኩት።»

ፈይሳ «ምን?» አለ። ፎዚያ ዞር ብላ ጆቴን አየችው። «ሲስተም ነው ያልከን!» ጆቴ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ወደ ዋናው በር መራመድ ጀመረ፤ ስልኩ ግን አልጮኸም ነበር።

ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ተመለሱ።

«ለምን?» አለች ፎዚያ። ስድብ ጠብቄ ነበር። ስድብ ቢሆን መልስ አገኝ ነበር። እሷ ግን ሊገባት ፈልጋ ነው የጠየቀችኝ። «እትዬ ምን አደረጉህ?»

በሕይወቴ ብዙ ጥያቄ መልሻለሁ። ለዚህኛውም ስለ ድካም፣ ስለ ደንብ፣ ስለ ሥራ ብዛት የሚሉ ሦስት መልሶች ምላሴ ላይ ነበሩ። እትዬ አሳየች ከንፈሬን እያዩ ነው።

«ስለሳቃችሁብኝ ነው» አልኩ። «እሑድ። የበሩን ነገር ሲናገሩ።»

በዚህ ጊዜ ማንም አልሳቀም።

ፎዚያ ሻርፑን ከፌስታሉ አውጥታ ለእትዬ አሳየች ሰጠቻቸው። ዘርግተው ስማቸውን በጣታቸው ዳሰሱት። «በዚህ በሚጣል ክር ነው?» አሉና አንዱን ቋጠሮ ገልብጠው አዩት፤ የአቀጣጠሉን ንጽሕና ነው የሚያዩት። «አበጃችሁ።» ከዚያ አጥፈው ከምሳ ዕቃቸው ጋር ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት።

«አያደርጉትም?» አለች ፎዚያ።

«ለሰልፍ ነው ያላችሁት» አሉ። «ሰልፉ አልፏል፣ የኔ ልጅ።»

ካፖርታቸውን ለመቀየር ወደ ክፍሉ ገቡ። ነፋሱ እንደ ጠዋቱ ተነሥቶ ነበርና አንሶላው ወደ ላይ ተገለበጠ። ፎዚያና አንዲት ጓደኛዋ ሮጠው የአንሶላውን ሁለት ጫፎች በቀኝና በግራ ይዘው ወደ ታች ወጥረው ቆሙ። ክፍሉ በር የለውም። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።